የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ማጫወት ይቻላል

«ሊኑክስ ጫንኩ፤ የዊንዶውስ ጌሜ ግን እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጌሙ አይደለም። ወይ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ሲስተሙ ከስዕል ቺፑ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) አልተሟላም፣ ወይ ጌሙ የተቀመጠው የዊንዶውስ በሆነ የዲስክ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድም ጌም ሳያወርዱ እነዚህን ሁለቱን በማስተካከል ይጀምራል። ቅደም ተከተሉን ባይዘሉ ይሻላል፤ 60 ጊጋ ባይት ካወረዱ በኋላ ድራይቨር ፍለጋ መግባት ጊዜም ካርድም ይበላል።

ምሳሌ ያደረግነው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። ኡቡንቱ 24.04 የሚጠቀሙ ከሆነ የአንዳንድ መስኮቶች ስም ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ስለ ትዕዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ እርስዎ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለው ሁሉ በትልልቁ ፊደል ይጻፋል፤ «%ኮማንድ%» የሚለው ደግሞ በትንንሹ። የታችኛው ሰረዝ እንደተቀመጠ ይቀመጥ፤ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ አይኑር።

ነገሩ የሚሠራው እንዴት ነው?

ጌም ሲነሳ ከዊንዶውስ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት ዘርጋልኝ፣ ድምፅ አውጣልኝ። ዋይን የሚባለው ፕሮግራም እነዚህን ጥያቄዎች በዊንዶውስ ቦታ ሆኖ ይቀበልና በሊኑክስ በኩል ይፈጽማቸዋል። ስዕል የሚሣልበት ቋንቋ ደግሞ ዳይሬክትኤክስ ነው። ከዳይሬክትኤክስ 8 እስከ 11 ያለውን ዲኤክስቪኬ፣ 12ን ደግሞ ቪኬዲ3ዲ-ፕሮቶን ሊኑክስ ወደሚረዳው ሌላ የስዕል ቋንቋ፣ ወደ ቩልካን ይተረጉሙታል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ይህን ሁሉ በአንድ ጠቅልሎ «ፕሮቶን» በሚል ስም ስቲም ከተባለው የጌም መሸጫና ማስነሻ ፕሮግራሙ ጋር ያቀርባል።

ከዚህ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፦ መንገዱ ሁሉ በቩልካን በኩል ያልፋል። ቩልካን በኮምፒውተርዎ ላይ በትክክል ካልሠራ፣ ለቆዩ ቺፖች ወደ ታች ከምንጠቅሰው ሌላ መንገድ በቀር፣ የቀረው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– 64 ቢት ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ባይት ራም። ለቆዩ ጌሞች 4 ጊጋ ባይትም ይበቃል፤ ለአዲሶቹ ግን 16 ያስፈልጋል።
– ቩልካን 1.3ን የሚደግፍ ግራፊክስ። ኢንቴል ከሆነ 6ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ኤኤምዲ ከሆነ አርኤክስ 400 ተከታታይና ከዚያ በላይ፣ ኤንቪዲያ ከሆነ ጂቲኤክስ 900 ተከታታይና ከዚያ በላይ ያለ ችግር ይሄዳሉ።
– በሊኑክስ ፎርማት የተዘጋጀ ክፍት የዲስክ ቦታ፦ የጌሙ መጠን ሲደመር ቢያንስ 10 ጊጋ ባይት።
– ኢንተርኔት። ስቲም ራሱ፣ ፕሮቶንና አብረውት የሚወርዱት ፋይሎች ከጌሙ ውጪ ስለሆኑ 2 ጊጋ ባይት ያህል ለብቻ ይመድቡላቸው።
– የስቲም አካውንትና የኮምፒውተርዎ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰሩን ትውልድ አያውቀውም። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ከፍተው የፕሮሰሰሩን ስም ያንብቡ፤ ትውልዱን የሚነግረው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ5-4300ዩ 4ኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-8250ዩ 8ኛ ነው። ቁጥሩ በ1 የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ይውሰዱ፤ አይ5-10210ዩ 10ኛ፣ አይ5-1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ነው።

ትውልዱ ከ6ኛ በታች ሆኖ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ግን የሚጠብቁትን ይቀንሱ። የእነዚህ ቺፖች የቩልካን ድጋፍ ጎዶሎ ስለሆነ በደረጃ 5 መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ሌላ መንገድ ይጠቀማሉ። በዳይሬክትኤክስ 9 ዘመን የተሠሩ ጌሞች በዚያ በኩል ጥሩ ይሄዳሉ፤ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚጠይቁት ግን አይነሱም።

ደረጃ 1፦ ጌሙ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ

ፕሮቶንዲቢ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የጌሙን ስም ይፈልጉ። ተጫዋቾች የሰጡት ደረጃ አለ፦ ፕላቲነም ከሆነ ምንም ሳይነካኩ ይሠራል፣ ጎልድ ከሆነ ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል፣ «ቦርክድ» ካለ አይሠራም። ደረጃውን ብቻ አይተው አይመለሱ። ወረድ ብለው ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ሰዎች በቅርብ የጻፉትን ያንብቡ፤ የትኛውን የፕሮቶን ስሪት እንደተጠቀሙና ምን እንደጨመሩ የሚገኘው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ አስተያየት ዛሬ ላይ ብዙ አይረዳም።

በዚህ ደረጃ የሚወድቁት በአብዛኛው በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቷቸው ጌሞች ናቸው። ምክንያቱ ፀረ ማጭበርበር ፕሮግራማቸው ነው፤ ወደ ዊንዶውስ እምብርት ጠልቆ ካልገባ ጌሙን አይከፍትም፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ያ እምብርት የለም። ቫሎራንት፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ፎርትናይት፣ አዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች፣ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 እና 25 ስለዚህ አይሠሩም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፤ በ2024 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሊኑክስን ዘጋ። ጂቲኤ 5 ታሪኩን ለብቻ መጫወት ይቻላል፤ ኦንላይኑ ግን ከ2024 መስከረም ወዲህ በሊኑክስ አያስገባም። የትኛውም ማስተካከያ እነዚህን አይከፍታቸውም፤ «መላ አግኝቻለሁ» የሚል ቪዲዮ ተከትለው አካውንትዎን አያሳግዱ። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 በአንጻሩ የራሳቸው የሊኑክስ ቅጂ አላቸው፤ ፕሮቶንም አያስፈልጋቸው።

ደረጃ 2፦ ድራይቨሩን ያሟሉ

«አፕዴት ማኔጀር»ን ከፍተው ያለውን ሁሉ ያዘምኑና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። ሪስታርቱ ለይምሰል አይደለም፤ አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እና ድራይቨር ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨሩ ሜሳ በሚል ስም ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ከየትኛውም ድረ ገጽ የሚወርድ ነገር የለም።

ኤንቪዲያ ከሆነ «ድራይቨር ማኔጀር»ን ይክፈቱ። «ሪኮመንድድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይምረጡና ይጫኑ። «ኑቮ» የሚባለው ዴስክቶፑን ለማሳየት ይበቃል፤ ለጌም ግን አይሆንም። ስሙ «ሰርቨር» ብሎ የሚያልቀውን ይተዉት። «ኦፕን» ብሎ የሚያልቀው የሚሠራው ከጂቲኤክስ 16 እና ከአርቲኤክስ 20 ተከታታይ ጀምሮ ላሉ ካርዶች ነው፤ ጂቲኤክስ 1060 ላይ ቢጭኑት ድራይቨሩ ካርዱን አያነሳውም። የኤንቪዲያን ድረ ገጽ ከፍቶ እንደ ዊንዶውስ ድራይቨር ማውረድ የተለመደ ስህተት ነው፤ በዚያ መንገድ የተጫነ ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ ይሰበርና ጥቁር ስክሪን ላይ ይተክልዎታል።

ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው ያልታወቀ ድራይቨር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። ይህ ቃል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሪስታርት ሲያደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ «ኢንሮል ሞክ»፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው»፣ ከዚያ «የስ» ብለው ያንን ቃል ያስገቡ። ብዙ ሰው ሰማያዊውን አይቶ ይደነግጥና ያልፈዋል። ያኔ ድራይቨሩ ተጭኗል፤ ግን አይነሳም፤ ሰውየውም «ተጭኗል እኮ» እያለ ሲደክም ይውላል።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ (ኢንቴል ከኤንቪዲያ ጋር) ከሆነ ታች በቀኝ በኩል የኤንቪዲያ ምልክት ይመጣል። እሱን ነክተው «ፐርፎርማንስ ሞድ» ያድርጉና ከዴስክቶፑ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ይህን ካላደረጉ ጌሙ በደካማው ቺፕ ላይ ሊነሳ ይችላል። ቻርጀሩን ሳይሰኩም አይፈትኑ፤ በባትሪ ላይ ላፕቶፑ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል።

አሁን ያረጋግጡ። ከ«ሶፍትዌር ማኔጀር» «ቩልካን ቱልስ» የተባለውን ፓኬጅ ጭነው ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ቩልካንኢንፎ --ሰመሪ» የሚለውን ትዕዛዝ ያሂዱ፤ ይሄኛው ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የግራፊክስ ካርድዎን ስም ካገኙ መንገዱ ተከፍቷል። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ብቻ ካገኙ ግን ስዕሉን እየሣለ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ድራይቨሩ አልተነሳም ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል ወደ ደረጃ 3 አይሂዱ።

ደረጃ 3፦ የጌሙን ቤት ያዘጋጁ

ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች ጌማቸውን በ«ዲ ድራይቭ» ላይ አስቀምጠው ከሁለቱም በኩል ሊጫወቱት ይፈልጋሉ። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ግን ያስቸግራል። ያ ክፍል ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ ፎርማት የተሠራ ነው። ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም አንዲት ትንሽ የዊንዶውስ ጎጆ ይሠራል፤ «ፕሪፊክስ» ትባላለች። በውስጧ «ሲ» ተብሎ ሁለት ነጥብ የተከተለው ስም ያለው አገናኝ ፋይል አለ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ አይፈቅድም። ስለዚህ ጎጆዋ ወይ አትሠራም፣ ወይ ተሠርታ ዊንዶውስ ዲስኩን ሲፈትሽ «የተበላሸ ፋይል» ብሎ ያጠፋታል።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶለት ከሆነ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሊኑክስ ያን ዲስክ ሲከፍተው ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ ጌሙ አንዲት ፋይል እንኳ መጻፍ ያቅተዋል።

ስለዚህ የስቲም ጌሞች በሊኑክስ ፎርማት፣ ማለትም በኤክስት4 ክፍል ላይ ይቀመጡ። ሊኑክስ የተጫነበት ክፍል ቦታ ካለው እሱ ይበቃል። ከሌለው «ዲስክስ» በተባለው ፕሮግራም ሌላ ክፍል በኤክስት4 ፎርማት ያድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርማት ማድረግ በዚያ ክፍል ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። አስፈላጊ ፋይልዎን ቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ የሚመርጡት ክፍል ትክክለኛው መሆኑንም በስሙ ብቻ ሳይሆን በመጠኑም ጭምር ያረጋግጡ።

ለአዲሱ ክፍልና ለጌም ፎልደሮች ስም ሲሰጡ በላቲን ፊደልና ያለ ባዶ ቦታ ያድርጉት። «ጨዋታዎች» የሚል ፎልደር ለሊኑክስ ችግር አይደለም፤ የቆዩ የዊንዶውስ ጌሞች ግን የኛን ፊደል በአድራሻቸው ውስጥ ሲያገኙት ፋይሉን ማግኘት ያቅታቸዋል።

ደረጃ 4፦ ስቲምን ይጫኑ

ከስቲም ዋና ድረ ገጽ ለሊኑክስ የተዘጋጀውን የዴብ ፋይል (የሚንትና የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) አውርደው ሁለቴ ጠቅ ያድርጉትና ይጫኑት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ተጨማሪ ፓኬጆች ልጫን ብሎ በተርሚናል ውስጥ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሲጽፉ ምንም አይታይም፤ ግን ይጻፋል። እነዚህ ፓኬጆች የ32 ቢት ድራይቨሮችን ይጨምራሉ። ስቲምም ሆነ ብዙዎቹ የቆዩ ጌሞች 32 ቢት ስለሆኑ «አያስፈልገኝም» ብለው እንዳይዘሉት።

ኡቡንቱ ላይ «አፕ ሴንተር» የሚሰጠው ስናፕ የተባለውን የስቲም ቅጂ ነው፤ ሚንት ላይ ደግሞ ፍላትፓክ የሚባለው አማራጭ አለ። ሁለቱም በተከለለ ክፍል ውስጥ ስለሚሠሩ ሌላ ዲስክ ላይ ያለ የጌም ፎልደር ሳይፈቀድላቸው አያዩም። ለጀማሪ ዴቡ ይሻላል።

ጌሞቹን በሌላ ክፍል ለማስቀመጥ ከፈለጉ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ገብተው ያንን ክፍል ይጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ፕሮቶንን ያብሩ

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኮምፓቲቢሊቲ» ይግቡ። ለሌሎች ጌሞችም ስቲም ፕሌይን ፍቀድ የሚለውን ማብሪያ ያብሩ፤ አዳዲስ የስቲም ስሪቶች ላይ በርቶ ሊጠብቅዎት ይችላል። ስቲም እንደገና ልነሳ ካለ ይፍቀዱለት። ከዚህ በኋላ ግራጫ ሆነው የነበሩት የዊንዶውስ ጌሞች «ኢንስቶል» የሚል ይመጣላቸዋል።

ለአንድ ጌም ብቻ የተለየ ስሪት ለመምረጥ በጌሙ ስም ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ» ብለው ሳጥኑን ምልክት ያድርጉና ከዝርዝሩ ይምረጡ። ስሪቱን እንዲህ በየጌሙ መቀየር ለሁሉም በአንዴ ከመቀየር ይሻላል፤ አንዱን ያስተካከለው ሌላውን ሊሰብር ይችላል። በመጀመሪያ ቁጥር ያለውን አዲሱን ስሪት ይሞክሩ። ካልሆነ «ፕሮቶን ኤክስፐሪሜንታል»ን ይሞክሩ፤ ቅርብ ጊዜ ለወጡ ጌሞች የተደረጉ ጥገናዎች መጀመሪያ የሚገቡት እሱ ላይ ነው።

ጂቲኤክስ 600 እና 700 ተከታታይ ካርዶች ያላችሁ (ከጂቲኤክስ 750 በቀር) «ፕሮቶን 7.0»ን ይምረጡ። ከ8.0 ጀምሮ ያሉት ቩልካን 1.3ን ይጠይቃሉ፤ የእናንተ ድራይቨር እዚያ አይደርስም።

ከ6ኛ ትውልድ በታች የሆነ ኢንቴል ብቻ ካለዎት ያልነው ሌላው መንገድ ይኸውና። «ፕሮፐርቲስ»፣ «ጀነራል» ውስጥ «ሎንች ኦፕሽንስ» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ይህን ይጻፉ፦

ፕሮቶን_ዩዝ_ዋይንዲ3ዲ=1 %ኮማንድ%

ይህ ዳይሬክትኤክስን በቩልካን ፈንታ ኦፕንጂኤል ወደተባለው የቆየ የስዕል ቋንቋ ያስተረጉመዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግን ጌሙ ይነሳል። ሻል ያለ ካርድ ላይ ይህን መጨመር ያለ ምክንያት ጌሙን ማዘግየት ነው።

ደረጃ 6፦ ጌሙን ያለ ብዙ ዳታ ያምጡ

ፕሮቶን የሚያነሳው ያንኑ የዊንዶውስ ፋይል ነው። ስለዚህ ጌሙ የራስዎ ዊንዶውስ ላይ ወይም ሌላ ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም።

በዊንዶውሱ በኩል የስቲም ፎልደር ውስጥ «ስቲምአፕስ»፣ ከዚያ «ኮመን» ውስጥ ይግቡና የጌሙን ፎልደር እንዳለ ወደ ሊኑክሱ «ስቲምአፕስ»፣ «ኮመን» ይገልብጡት። ስሙን አንዲት ፊደል እንኳ አይለውጡ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ስለሚያይ የተለወጠ ስም ለእሱ ሌላ ፎልደር ነው። ከዚያ ስቲምን ከፍተው «ኢንስቶል» ይበሉ። ስቲም ያሉትን ፋይሎች አግኝቶ ይፈትሻል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጌሙ የራሱ የሊኑክስ ቅጂም ካለው በመጀመሪያ በደረጃ 5 እንደተባለው ፕሮቶንን በግድ ይምረጡ፤ አለዚያ ስቲም የገለበጡትን ትቶ የሊኑክሱን ሊያወርድ ይነሳል።

ለመገልበጫ የሚጠቀሙት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የዛሬ ጌሞች እንዲህ ያለ ፋይል አያጡም፤ ኤክስፋት ያድርጉት።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ወይም ኬብል ላይ ካሉ ስቲም ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። በሁለቱም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ዳውንሎድስ» ውስጥ በአካባቢ ኔትወርክ ፋይል ማስተላለፍን ይፍቀዱ፤ ከዚያ በሊኑክሱ «ኢንስቶል» ይበሉ።

እዚያው «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ሼደር ፕሪካሺንግ» የሚል አለ። ጌሙ እንዳይንተፋተፍ አስቀድሞ የተዘጋጁ ፋይሎችን ያወርዳል፤ በየጊዜውም ያድሳቸዋል። ዳታ የሚቆጥቡ ከሆነ ያጥፉት። ዋጋው፦ አዲስ ቦታ ወይም አዲስ የስዕል ኢፌክት ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጌሙ ለአፍታ ቆም ይላል፤ እየተጫወቱ ሲሄዱ ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሱት

ከማስነሳትዎ በፊት ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን ይዩ። አማርኛ ላይ ከሆነ መራመጃ ፊደሎቹ ለጌሙ ላይደርሱ ይችላሉ፤ ሰው ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው መነሳት ይዘገያል። ፕሮቶን ጎጆዋን ይሠራል፣ ጌሙ የሚፈልጋቸውን ተጨማሪ የማይክሮሶፍት ፋይሎች ይጭናል። አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሱት። መሃል ላይ አስገድደው ከዘጉት ጎጆዋ ግማሽ ሆና ትቀርና በሚቀጥለውም አይነሳም።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ካሉ እያንዳንዱን ጌም አንድ ጊዜ ኢንተርኔት እያለ ከፍተው ዋናው ሜኑ ድረስ ይድረሱ። ከዚያ ስቲምን «ጎ ኦፍላይን» ማድረግ ይችላሉ።

ደረጃ 8፦ ከስቲም ውጪ ያለ ጌም

ከኤፒክ ወይም ከጂኦጂ የጌም መደብር የገዙት ከሆነ «ሂሮይክ ጌምስ ሎንቸር»ን ጭነው በአካውንትዎ ይግቡ፤ የፕሮቶን ስሪት መምረጫውም እዚያው ውስጥ አለ።

በሲዲ ወይም በፋይል ያለዎት ጌም ከሆነ ግን ሥራው ይህን ይመስላል፦

1. ስቲም ውስጥ «አድ ኤ ጌም»፣ «አድ ኤ ነን-ስቲም ጌም» ብለው የመጫኛውን የኢኤክስኢ ፋይል፣ ማለትም ሴትአፑን ይምረጡ።
2. «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ» ገብተው ፕሮቶን ይምረጡለት። ስቲም የማያውቀው ፋይል ስለሆነ ራሱ አይመርጥልዎትም።
3. «ፕሌይ» ብለው እንደ ዊንዶውስ ጭነው ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ «አሁን አስነሳ» የሚለውን ምልክት ያንሱት።
4. «ስቲምአፕስ»፣ «ኮምፓትዳታ» ውስጥ ረጃጅም ቁጥር ያላቸው ፎልደሮች አሉ። አሁን የተፈጠረውን በቀኑና በሰዓቱ ይለዩት። በውስጡ «ፒኤፍኤክስ»፣ «ድራይቭ_ሲ» ሲገቡ የተጫነውን ጌም ያገኛሉ።
5. ወደ «ፕሮፐርቲስ» ተመልሰው «ታርጌት» የሚለውን ሳጥን ወደ ጌሙ ዋና ኢኤክስኢ፣ «ስታርት ኢን»ን ደግሞ ያ ፋይል ወዳለበት ፎልደር ይቀይሩ። አድራሻዎቹ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይሁኑ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሴትአፑን ሰርዞ ጌሙን እንደ አዲስ መጨመር። አዲስ ሲጨምሩ ስቲም አዲስ ቁጥር፣ ስለዚህም አዲስ ባዶ ጎጆ ይሰጠዋል፤ በአሮጌዋ የተጫነው ሁሉ ለእሱ የለም። ያለውን ያስተካክሉ እንጂ አዲስ አይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋይንም ሆነ ፕሮቶን ከቫይረስ አይከልሉም። በውስጣቸው ያለው «ዜድ» ድራይቭ የኮምፒውተርዎ ሙሉ ዲስክ ነው፤ ከማይታወቅ ምንጭ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የመጣ የተሰበረ ኢኤክስኢ ዶክመንትዎንና ፎቶዎን ማንበብም መቆለፍም ይችላል። ዋይንን በ«ሱዶ» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሂደው ትዕዛዝ) በፍጹም አያስነሱት። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም የሲስተሙን ቁልፍ መስጠት ነው፤ የሚፈጠሩት ፋይሎችም የአስተዳዳሪው ይሆኑና ቀጥሎ በራስዎ ስም ሲከፍቱ እምቢ ይላሉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

«ፕሌይ» ሲሉት ለአፍታ «ስቶፕ» ብሎ ወደ «ፕሌይ» ይመለሳል። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ጌሙ ያለበት ክፍል ኤንቲኤፍኤስ እንዳይሆን፣ ድራይቨር አዘምነው ሪስታርት ሳያደርጉ እንዳይቀሩ (ኤንቪዲያ ላይ ይህ ብቻውን ሁሉንም ጌም ያቆማል)፣ የዲስኩ ቦታ እንዳይሞላ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ የፕሮቶኑን ስሪት ይቀይሩ። ያም ካልሆነ «ሎንች ኦፕሽንስ» ላይ ይህን ይጻፉ፦

ፕሮቶን_ሎግ=1 %ኮማንድ%

ጌሙ ሲዘጋ በሆም ፎልደርዎ ውስጥ በ«ስቲም» ጀምሮ የጌሙን ቁጥር የያዘ የሎግ ፋይል ይገኛል። ከታች ወደ ላይ እያነበቡ የጎደለ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዊንዶውስ ፋይል) ስም ወይም ስለ ቩልካን የሚያማርር መስመር ይፈልጉ። ከጨረሱ በኋላ ትዕዛዙን ያጥፉት፤ ጌሙን ያዘገያል፣ ፋይሉም እየገዘፈ ይሄዳል።

«ኤምኤስቪሲፒ140 የለም» የሚል መልእክት። ስቲም ላይ ያሉ ጌሞች ይህን ራሳቸው ይጭናሉ፤ የሚያጋጥመው በደረጃ 8 በተጫኑት ላይ ነው። በጎጆዋ ውስጥ የዊንዶውስ ፋይሎችን የሚጭነውን «ፕሮቶንትሪክስ»ን ጭነው ጌሙን ይምረጡና «ቪሲረን2022»ን ይጫኑለት። ያንን የዲኤልኤል ፋይል ብቻውን ከድረ ገጽ አውርዶ መክተት አይረዳም፤ አብረውት የሚሄዱት ሌሎች ፋይሎች አሉ።

በታሪክ ቪዲዮው ቦታ ባለ ቀለም መስመሮች ይታያሉ። ፕሮቶን ያንን የቪዲዮ ዓይነት መፍታት አልቻለም። «ፕሮቶንአፕ-ኪዩቲ» በተባለው ፕሮግራም «ጂኢ-ፕሮቶን»ን ያውርዱ፤ የቪዲዮ ድጋፉ ይሰፋል። ስቲምን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ካልከፈቱት በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም።

ጌሙ ይነሳል፤ ግን በሴኮንድ 5 ስዕል ብቻ ያሳያል። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ወይ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ነው፣ ወይ በደካማው ቺፕ ላይ እየሄደ ነው።

ድምፁ ይንጫጫል ወይም ይቆራረጣል። «ሎንች ኦፕሽንስ» ላይ፦

ፐልስ_ሌተንሲ_ኤምሴክ=60 %ኮማንድ%

ይህ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ጊዜ ወደ 60 ሚሊ ሴኮንድ ያረዝመዋል፤ ደካማ ፕሮሰሰር ላይ ለመተንፈሻ ይበቃል።

ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) ተጭኖ ምንም አልተለወጠም። ብዙ ሞዶች «ዲኢንፑት8» በሚባል የዲኤልኤል ፋይል በኩል ነው የሚገቡት። ዋይን ግን የራሱን አስቀድሞ ስለሚጠቀም የሞዱን አያየውም። የጌሙን ፋይል እንዲያስቀድም እንዲህ ይንገሩት፤ እዚህ በጥቅሱ ውስጥ ያለው በትንሹ ፊደል ነው፣ «ኤን» እና «ቢ» እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል ናቸው፦

ዋይንዲኤልኤልኦቨርራይድስ="ዲኢንፑት8=ኤን,ቢ" %ኮማንድ%

ጆይስቲክ አይታወቅም። «ስቲም-ዲቫይስስ» የተባለውን ፓኬጅ ጭነው ገመዱን ነቅለው ይሰኩት።

ትናንት ይሠራ የነበረ ጌም ዛሬ አልነሳ ካለና ከላይ ያሉት መፍትሔዎች ሁሉ ካልሠሩ የመጨረሻው መፍትሔ ጎጆዋን አጥፍቶ ፕሮቶን እንደ አዲስ እንዲሠራት ማድረግ ነው፤ «ኮምፓትዳታ» ውስጥ የጌሙ ቁጥር ያለበትን ፎልደር ይሰርዛሉ። ግን ይጠንቀቁ፦ ብዙ ጌሞች የደረሱበትን ደረጃ የሚያስቀምጡት እዚያው ውስጥ፣ «ድራይቭ_ሲ»፣ «ዩዘርስ»፣ «ስቲምዩዘር» ሥር ባሉት «ዶክመንትስ» እና «አፕዳታ» ነው። ጌሙ ስቲም ክላውድን ካልተጠቀመ ፎልደሩን ሲሰርዙ የወራት ጨዋታም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አይሰርዙት፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት። አዲሷ ጎጆ ተሠርታ ጌሙ ከተነሳ በኋላ ሴቭ ፋይሎቹን ከአሮጌዋ ወደ አዲሷ ይገልብጡ፤ አሮጌዋን ማጥፋት ከዚያ በኋላ ነው።